ሦስት ጆንያ አሸዋ

ከድንኳኑ ውጭ የብዙ ሰው እግር አሸዋውን እያንኮሻኮሸ መጣና ቡሩል ሙሾዋን መሃል ላይ አቋረጠች።

«እማዬ፣ ሰው እየገባ ነው፤ ቀጥይ እንጂ» አለቻት ልጇ ናዚራ፣ በክርኗ ጎሸም አድርጋ።

የቡሩል ጆሮ ግን ውጭ ነበር። ደጅ ላይ ምርኩዝ ተደግፈው የቆሙት የቤቱ ወንዶች «ወንድሜን፣ ተራራዬን» እያሉ ጮኹ፤ ከታችኛው መንደር የመጡት ለቀስተኞችም እየጮኹ መለሱላቸው። ጩኸቱ በረድ ሲል አንድ ሽማግሌ፣ መንገዱን ሁሉ ሲንሸራተቱ እንደመጡና እዚህ ግቢ ሲደርሱ ብቻ እግራቸው መሬት እንደያዘላቸው ተናገሩ። «ይቺን አሸዋ የበተነ እጁ ይባረክ» አሉ።

የተባረከው እጅ የቡሩል ነው። አሸዋው ግን የሟቹ ነበር። ይህን ከሷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

ባሏ ሸርጋዚ እዚያው ከመጋረጃው ኋላ ተጋድሟል። ሬሳው እስኪወጣ ድንኳኑ ውስጥ እሳት አይነድም፤ ሴቶቹ ካፖርት ደራርበው፣ ጥቁር ሻሽ አስረው፣ ፊታቸውን ወደ ሱፉ ግድግዳ አዙረው ተደርድረዋል። ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር ሙሾ ማውጣት የሚስት ሥራ ነው። መነሳት የለም፣ መውጣት የለም። አርባው ሳይወጣ ከግቢ መራቅማ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም። የቡሩል ጉልበት ግን አልቀመጥ ብሏታል። አንዱን ታጥፋለች፣ ሌላውን ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። ገላዋ ላይ ጉንዳን የወጣባት ነው የምትመስለው።

ሸርጋዚ የተገኘው ትናንት ጠዋት ነው፤ ዶሎን ጋራ ላይ፣ መኪናው ውስጥ ቁጭ እንዳለ። መንደሩ ምን ገደለው ብሎ ለመጠየቅ ብዙ አልደከመም።

«አምሳ ስምንት ዓመቱ እኮ ነው» አለች ከኋላዋ ሻይ የምታቀብል ሴት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የሀብታም ልጅ መጫወቻ ይዞ በረዶ ላይ። የኋላ ጎማዋ ብቻ ነው አሉ የሚሠራው። የፊቱ ዝም ብሎ ይከተላል።»

«ጭራዋን እያወዛወዘች ነበር የምትሄደው፣ እንደ ዳክዬ።»

«ዳክዬስ ሰው ይዛ ገደል አትገባም።»

«ገደል ገባ እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

ቡሩል ዓይኗን ጨፍና ሙሾዋን ቀጠለች። ለገደል የሚስማማ ቃል አልመጣላትም።

ሸርጋዚ በረዶ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከናሪን ባሊክቺ፣ ከባሊክቺ ናሪን የጭነት መኪና ነድቷል፤ ክረምት ከበጋ ያንን ጋራ ወጥቶ ወርዷል። ያ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ አንድም ቀን ጎማው ከመንገድ አልወጣበትም። ከሥራ ሲወጣ ከአባቱ የወረሳቸውን ባዝራዎች ይዞ ተቀመጠ። ለጥቂት ዓመት ጥሩ ነበር። ከዚያ አንድ መከር ላይ አሥራ አንዱንም ባዝራዎች እየነዳ ወደ ገበያ ወረደና፣ ሲመለስ በዚህች መኪና መጣ። ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር፣ ወንበሯ ቆዳ፣ ቀለሟ እንደ አምባላይ ፈረስ የሆነ የጀርመን መኪና። የሆነ የከተማ ቱጃር ነድቶ ጠግቧታል። ሸርጋዚ ግን የሷን ዓይነት ከጭነት መኪናው መስኮት ቁልቁል ሲያያት፣ ስታልፈው ሲያያት፣ ስንት ዘመኑ።

ታላቅ ወንድሙ ማምበት ግቢው ድረስ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አያት። «አባታችን ፈረስ አወረሰን። አንተ ቆርቆሮ ይዘህ መጣህ» አለ።

«ይቺም ፈረስ ናት፣ ባይኬ» አለው ሸርጋዚ። ታላቅ ወንድሙን ባይኬ ሳይል ጠርቶት አያውቅም። «ፈረስ የሚገፋው በኋላ እግሩ ነው። ያንተዋ መኪና ከፊት እየጎተተች የምትሄደው፣ እሷ ናት የጋሪ አህያ።»

ማምበት አልሳቀም። የመንደሩ ጎረምሶች ግን ሳቁ፤ በመጀመሪያው በረዶ ትቀበራለች፣ ሲሞቅ በአካፋ ቆፍረን እናወጣታለን ተባባሉ። ሸርጋዚ ግን ወንዙ በብርድ ሳይረጋ ወረደና ሦስት ጆንያ አሸዋ ሞልቶ፣ የኋላ ኮፈኗን ከፍቶ፣ ልክ ከጎማዎቹ በላይ ደልድሎ አስተኛው። አካፋ ጨመረ። ጥርሰ ብዙ የክረምት ጎማ አሰረላት። ኋላዋ ካልከበደ ጎማዋ በረዶውን አይነክስልኝም ይል ነበር፤ የቀረው የነጂው እግር ነው። የመጀመሪያው ትልቅ በረዶ የጣለ ቀን የማምበት መኪና ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው አቀበት ላይ ተሰንቅራ ቀረች። ሸርጋዚ በቀስታ አጠገቧ ደርሶ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ በአክብሮት ሰላምታ ሰጥቶ አለፈ። ማምበት ይህን እስከ ዛሬ አልረሳለትም።

በሦስተኛው ቀን ሬሳው ከድንኳኑ ወጣ። ሴቶች መቃብር አይሄዱምና ቡሩል የሰማችው በሱፉ ግድግዳ ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ በረዶው ላይ ተሰልፎ ቆሟል። ማምበት እንደ ደንቡ ከፊት ወጥቶ ወንድሜ ምን ዓይነት ሰው ነበር ብሎ ጠየቀ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጥሩ ሰው ነበር ብሎ መለሰ። እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት።

ማምበት ግን ጨመረበት። «በስተርጅና እንደ ጎረምሳ በረዶ ላይ ሲጋልብ ሞተብኝ። ሞኝነቱን ይቅር በሉለት።»

ከዚያ አንድ ሁለት ሰው፣ ኋላም ሁሉም፣ ይቅር ብለናል አለ።

ቡሩል ከተቀመጠችበት ልትነሳ ስትል አንድ ደረቅ እጅ ቀሚሷን ያዘ። የሸርጋዚ አክስት ሳይራ አፓ ናቸው፤ ሰማንያ አልፏቸዋል፣ የዚህ አገር ሙሾ ሁሉ መሪ ናቸው። «ቁጭ በይ» አሏት ቀስ ብለው። «የሚባል ነገር ካለሽ ቀኑ ይመጣል።»

ቁጭ አለች። የሚባል ነገር አላት፤ ግን እንዴት ይባላል። ሞኝ አልነበረም፣ አሸዋውን ስላወጣሁበት ነው ካለች የገደለችው እሷ ናት። ዝም ካለች ደግሞ ሸርጋዚ ለልጅ ልጅ የሞኝ ሞት የሞተ ሰውዬ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱን ሐሳብ እያገላበጠች ዋለች። ሌላ ለቀስተኛ መጣ፤ አሸዋው ተንኮሻኮሸ።

እንዲህ ነበር የሆነው። ሸርጋዚ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው በሩ ላይ የፈሰሰው ውሃ ረግቶ ብርጭቆ ሆነ። ጎረቤታቸው አሮጊቷ ወተት ሊወስዱ መጥተው በጀርባቸው ወደቁ። እግዜር አተረፋቸው እንጂ ወገባቸው ተሰብሮ ነበር። ቡሩል አመድ ፈለገች፤ አመዱን ነፋስ ወሰደው። ወንዙ ረግቷል፣ መሬቱ በመዶሻ አይበገርም። ሸርጋዚ በዚያ ሰሞን የትም እንደማይሄድ፣ ግራ ትከሻው እንደከበደው ተናግሮ ነበር። አንገቷን አዙራ መኪናዋን አየቻት። ቡሩል አንድ ነገር ካሰበች ማሰቧን የምትናገር ሴት አይደለችም፤ ታደርገዋለች። ኮፈኑን ከፈተች፣ ሦስቱንም ጆንያ እየጎተተች አወረደች፣ ከበሩ እስከ ማዕድ ቤቱ በተነችው። ነገ እነግረዋለሁ፣ በረዶው ሲቀልጥ ጠርጌ እመልስለታለሁ አለች። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስንቴ ድንች ልጭን ብላ አሸዋ ሞልቶታል ተብላለች። ትንሽ ደስ ብሏታል።

ማታውን በረዶ ጣለ። ንጋት ላይ ላሚቱን እያለበች ሳለ ሞተሩ ሲነሳ ሰማች። አዲስ በረዶ ሲያይ እንደዚያ ነው፤ ልጅ እያለ ለፈረስ ግልቢያ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እንደማይወስደው ሁሉ። ባልዲውን እንደያዘች በሩ ድረስ ሮጠች። መኪናዋ መታጠፊያው ጋ ደርሳለች። «አሸዋው!» ብላ ጮኸች። በመስታወት አይቷት ይሆናል፣ የሸኘችው መስሎት እጁን በመስኮት አውጥቶ አውለበለበላት። ስልክ ደወለች። የሱ ስልክ ቤት ውስጥ መስኮቱ ደፍ ላይ ጮኸ።

አምስተኛው ቀን ላይ ጅርጋል መጣ። ጅርጋል የጋራውን መንገድ በግሬደር የሚጠርገው ሰውዬ ነው፤ ሸርጋዚን ያገኘው፣ መኪናዋንም ጎትቶ ከጋራው ግርጌ የመንገድ ሠራተኞቹ ግቢ ያስገባት እሱ ነው። ደጅ ላይ ከልቡ አለቀሰ። ሻይ ጠጥቶ ሊሄድ ሲል ቡሩል ድንገት ተነሳች። ናዚራ «እማዬ» ብላ ቀረች። ሳይራ አፓ በዚህኛው ጊዜ ቀሚሷን አልያዙም።

ሻሿን ግማሽ ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ድንኳኑ በር ላይ ቆመች። ገደል ገብቶ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው።

ጅርጋል ባርኔጣውን አወለቀ። ገደል የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ለማምበትም እንደነገረው፣ ማምበት ግን ደግ ሰው ነህ ብሎ ሻይ እንደጨመረለት አወራት።

«ሃያ ዓመት ያንን መንገድ ጠርጌያለሁ፣ እህቴ። የጎማ ዱካ ማንበብ ሥራዬ ነው» አላት። «መጀመሪያ አቀበቱን ሲጀምር ጭራዋ እየወጣችበት ነበር፤ ግራ ቀኝ ጽፋለች። ከዚያ ሰፊው ቦታ ላይ ቆሟል። እዚያ ብዙ የእግር ዱካ አለ። ከዚያ ወዲያ ግን ዱካዋ በክር የተሰፋ ነው። ትንሽ ወጣና ዞረ፤ አፍንጫዋን ወደ ቤቱ መለሳት። ዳር ይዞ አቆመ። የእጅ ፍሬን ስቧል፣ ማርሹን ነፃ አድርጓል። ግራ እጁ ደረቱ ላይ ነበር። እንደዚያ አድርጎ ያቆመ ሰው መኪና አልገደለውም።»

ቡሩል ይህን ዋጥ አድርጋ፣ ጭራዋ እየወጣች የነበረች መኪና ከቆመች በኋላ በምን ተአምር ቀጥ እንዳለች ጠየቀችው።

«እሱን እኔም አላውቅም። ስጎትታት ግን ኋላዋ ከብዶኝ ነበር።»

«ባዶ ነበረች» አለች ቡሩል። ከአፏ አመለጣት።

«ባዶማ አልነበረችም። እንዲያውም መሬት ልትነካ ነበር።»

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ቡሩል ጡቷ ሥር ሸጉጣው ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ቀኑን ሙሉ ቁልፉ ቀዘቀዛት እንጂ አልሞቀም። የሚቀጥለውን ቀን ሁሉ ሙሾ እያወጣች በጣቷ ስትዳብሰው ዋለች። ሰፊው ቦታ ላይ መቆሙ፣ ብዙ የእግር ዱካ፣ የከበደ ኋላ። ምን ጭኖ ነው? እዚያ ላይ ደግሞ ምን የሚጫን ነገር አለ?

መንዳት ያስተማራት እሱ ነው። ሦስት ክረምት አለፈ። ወንዙ ዳር ሜዳው ላይ በረዶው ተደላድሎ ተኝቷል። መሪው ኋላ አስቀመጣትና እሱ ከጎን ተቀመጠ። ነዳጁን ስትረግጠው መኪናዋ በቆመችበት ዞረች፤ ጋራው፣ ወንዙ፣ የራሷ ቤት ጭስ በመስኮቱ ተራ በተራ አለፉ።

«እባብ አየሽ እንዴ፣ ባይቢቼ?» አላት። ሲያሾፍም ሲወድም ባይቢቼ፣ እመቤቴ፣ ይላታል። «ስንት ልጅ አሳደግሽ?»

«አራት። ረሳኸው?»

«ተወዛዋዥ አልጋቸውን በምንሽ ነበር የምትወዘውዢው?»

«በእግሬ ነዋ። እጄ መቼ ከሥራ ወጥቶ ያውቃል።»

«በያ ነዳጁንም እንደዚያ። ልጁ ሳይነቃ።»

በሁለተኛ ማርሽ ተነሽ አላት፤ አንደኛው ጉልበተኛ ነው፣ ጎማውን ባዶውን ያሽከረክረዋል። ጭራዋ ወደ ግራ ከሄደች መሪውን ወደ ግራ ስጫት፤ ፍሬኑን እርሺው። ዓይንሽን ገደሉ ላይ አትትከይ፣ ልትሄጂበት የምትፈልጊውን እያየሽ ንጂ። በአራተኛው ቀን ሜዳውን በስምንት ቁጥር ዞረችው። ሸርጋዚ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም። ለማንም አልተናገሩም፤ የማምበት ወንድም ሚስት መኪና ጭራ እያስጨፈረች ነው ቢባል ማን ይችለዋል።

ሰባተኛው ቀን ድንኳኑ የሚፈርስበት ነው። ከጠዋት ጀምሮ በግቢው ድስት ተጥዷል፣ ሊጥ በዘይት ይጠበሳል፣ ሰው እየመጣ ነው። ሳይራ አፓ ማምበትን ጠርተው አንድ ነገር ጎድሏል አሉት። በእናቶቻቸው ዘመን የሞተ ሰው ፈረስ ድንኳኑ ሳይፈርስ ደጁ ላይ መጥቶ ይቆማል፣ ይለቀስለታል፤ ሸርጋዚ ፈረሱን ሸጦ ይቺን ካመጣ ፈረሱ ይቺ ናት፣ ትምጣ አሉ። ማምበት ፊቱ ቢጠቁርም አክስቱን እምቢ አይላቸውም። ልጁን ኡላንን፣ አራቱም ጎማ በሚሠራው መኪናህ ሂድና ጎትተህ አምጣት፣ ከሰባቱ በኋላ ለሚወስዳት ትሰጣለች አለው።

ኡላን ሞተሩን ሲያስነሳ ከጎኑ ያለው በር ተከፈተና ቡሩል ገብታ ተቀመጠች።

«ኧረ ባክሽ ውረጅ፤ ሰው ምን ይላል?»

«የሚለውን ሲል ሰባት ቀን ሰምቻለሁ። ንዳ።»

ኡላን አባቱን በመስኮት አየ። ማምበት ምርኩዙን እንደተደገፈ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ኡላን ነዳ።

አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ጅርጋል የግቢውን በር ከፈተላቸው። መኪናዋ አጥሩ ሥር ቆማለች፣ ጣሪያዋ ላይ አንድ ክንድ በረዶ ተከምሯል፣ ኋላዋ ዝቅ ብሏል። ቡሩል ቁልፉን አወጣች። ቁልፉ መዞር እምቢ አለ፤ በትንፋሿ አሞቀችው፣ ዞረ። የኋላ ኮፈኑን በሁለት እጇ ቀና አደረገችው።

በረዶ ነበር። እስከ አፉ ድረስ፣ በአካፋ ጀርባ እየተጠቀጠቀ የተሞላ በረዶ፤ በሰባት ቀን ብርድ ድንጋይ ሆኗል። አካፋው ከላይ በአግድም ተቀምጧል። ከአካፋው አጠገብ፣ ሰው ተደግፎ ትንፋሹን ሲሰበስብ እንደሚያደርገው፣ የጓንት እጅ ጠልቆ ታትሟል።

ኡላን በረዶ ምን ያደርግለታል ብሎ ሊስቅ ነበር፤ ጅርጋልን አየና ተወው። ጅርጋል ድሮ የጭነት መኪና ሰዎች ክብደት ሲያጡ እንዲህ ያደርጉ እንደነበር ተናገረ። አሸዋ ከሌለ በረዶ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ብርድ፣ ይህን ሁሉ አካፋ ብቻውን መወርወር ለጎረምሳም ከባድ ነው አለ። ከዚህ በላይ አልሄደም።

መሄድም አያስፈልገውም ነበር። ቡሩል ሁሉንም አየችው። ጭራዋ ስታወዛውዘው ቆመ፤ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ አሸዋው የለም። ባይቢቼ ብሏል፣ በእርግጥ ብሏል፣ ምናልባትም ስቋል። ባዶ መኪና ጋራ ላይ የሚያወጣ ሞኝ ስላልነበረ አካፋውን አነሳ። የከበደው ትከሻ ያንን ሁሉ ጫነ። ከዚያ ሲያመው አፍንጫዋን ወደ ቤት መለሳት።

ኡላን አውጥተን እንድፋው፣ ቀለል ትበል ብሎ አካፋውን ሊያነሳ እጁን ሰደደ።

«አትንካ» አለችው። «እሱ የጫነው ነው።»

ገመዱንም እንዲተወው ነገረችው። ኡላን ያበደች መስሎት ጅርጋልን ተመለከተ፤ ጅርጋል ግን የጣሪያውን በረዶ በክንዱ መጥረግ ጀምሯል። ባትሪዋን ከግሬደሩ ባትሪ ጋር በሽቦ አገናኝተው አስነሱላት። ቡሩል ወንበሩን ወደ ፊት አልሳበችውም። የሱ እግር የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው፤ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ደረሰችበት። ሁለተኛ ማርሽ አስገባች። ፍሪሲዮኑን በቀስታ ለቀቀች፣ ነዳጁን በቀስታ ሰጠች። ኋላዋ ተንቀጠቀጠና ነከሰ። መኪናዋ ከአጥሩ ሥር ሰው ሳይገፋት ወጣች።

መንገዱ ነጭ ነው፣ ሰማዩ ነጭ ነው። የኡላን መኪና ከኋላ ርቆ ይከተላል። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ጥላ የሚያርፍበት፣ በረዶ የረጋበት ቦታ ነበርና ጭራዋ ወደ ግራ ሄደች። ከግራ በኩል ወንዙ ነው። የቡሩል እግር ፍሬኑን ፈለገ። ዓይኗን ከወንዙ ላይ አንስታ ድልድዩ ማዶ ያለው ዛፍ ላይ አደረገችው፣ መሪውን ወደ ግራ ሰጠች፣ እግሯን ከነዳጁ ላይ አሳረፈች። ከኋላዋ ያ ሁሉ በረዶ ቁልቁል ተጭኖ ያዘላት። መኪናዋ ቀጥ አለች። ቡሩል በዚያ ቅጽበት ሸርጋዚ ተደግፎ የያዛት መሰላትና ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሙሾ፣ ያለ ዜማ፣ እየነዳች አለቀሰች።

ግቢው ሞልቷል። ወንዶቹ ምርኩዛቸውን እንደያዙ ለሁለት ተከፈሉና አሳለፏት፤ ድንኳኑ ፊት ለፊት አቆመች። ሴቶቹ ከድንኳኑ ብቅ ብቅ አሉ። ማምበት ወደ በሩ እየተራመደ መጣ። በወንድሙ ሰባት ላይ የሟቹ ሚስት አገር አቋርጣ መኪና ከመንዳቷ የበለጠ ውርደት እንደሌለ ለመናገር አፉን ሲከፍት፣ ቡሩል አልፋው ሄዳ ኮፈኑን አነሳችው።

«ኑ እዩ» አለች። ሰው ተጠጋ። «ሞኝ ነው ብላችሁ ይቅር ያላችሁት ሰውዬ ያደረገው ይኼ ነው። ክብደት ሳይኖረው ጋራ አልወጣም ብሎ፣ አንድ ባንድ በአካፋ ሞላው። ልቡን የገደለው ይኼ ሥራ ነው እንጂ ግልቢያ አይደለም። ዱካው ቀጥ ያለ ነበር፤ ጅርጋል ነግሯችኋል፣ አልሰማችሁትም።»

ማምበት ቀስ ብሎ፣ ወንድሜ ያለ አሸዋ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም፣ ያን ቀን አሸዋው የት ሄዶ ነው አለ።

ቡሩል የፈራችው ጥያቄ ይህ ነበር። ወደ እግሩ አመለከተች።

«ቆመህበታል፣ ባይኬ። ሰባት ቀን ሙሉ ሁላችሁም ረግጣችሁታል። እኔ ነኝ ያወጣሁበት። ሳልነግረው።»

ሰው ሁሉ ወደ ታች አየ። ናዚራ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ማምበት በተረገጠው በረዶ ላይ የተበተነውን ቡናማ አሸዋ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ አንድ እግሩን፣ ቀጥሎም ሌላውን፣ እንደሚወድቅ እያወቀ፣ ከአሸዋው ላይ አንስቶ ወደ ጎን ባለው ባዶ ግግር ላይ ቆመ። ተንሸራተተ፣ በምርኩዙ ያዘ። ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ ኮፈኑ ጎንበስ ብሎ የወንድሙን የእጅ ምልክት አየ፤ አልነካውም።

«ጥሩ ነጂ ነበር» አለ ለሕዝቡ። ወደ ቡሩል ግን አልዞረም። ወደፊት ይዞር እንደሆነ እሷም አላወቀችም።

ያኔ ሳይራ አፓ ከድንኳኑ በር ላይ የፈረሱን ሙሾ ጀመሩ፤ ባለቤቱን ጋራ ላይ ጥሎ ብቻውን ለተመለሰው አምባላይ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ከኋላ ድንኳኑን የሚያፈርሱት ወንዶች ገመዱን መፍታት ጀመሩ።

ቡሩል ኮፈኑን አልወረወረችውም፤ ሸርጋዚ ሲወረወር አይወድም። በሁለት መዳፏ ተጭና ዘጋችው። ከዚያ ተመልሳ ገባችና መኪናዋን ወደ ድርቆሽ ቤቱ ጀርባ እየነዳች ወሰደቻት። ናዚራ ተከትላት ሮጣ መጥታ፣ ለምን እዚያው ፀሐይ ላይ እንደማትተዋት ጠየቀቻት።

«እዚህ እስከ ሚያዝያ ፀሐይ አይደርስም» አለቻት ቡሩል።

ናዚራ የኋላ ኮፈኑን አየችና ገባት፤ ወደ ሙሾው ተመለሰች።

ቡሩል ግድግዳውን ተጠግታ አቆመች። ማርሹን ነፃ አደረገች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ሞተሩን አጠፋች። ለሰባት ቀን እረፍት ያጣው ጉልበቷ ዝም ብሏል። ሙሾው ከግድግዳው ማዶ ራቅ ብሎ ይሰማል። ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች ቀኝ እግሯ ነዳጁ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ቀስ እያለ ይጫናል፣ ቀስ እያለ ይለቃል፣ ልጁ ሳይነቃ።